ማግኔት በደም ውስጥ ምን ያገኛል?

ማግኔት ብረት እንደሚስብ የማያውቅ ተማሪ የለም። ወለል ላይ የተበተነ ሚስማርን በማግኔት መልቀም ለሕፃን ልጅም ቀላል ነው። ብረቱ ፈሳሽ ውስጥ ከሆነና ቅንጣቱም ለዓይን የማይታይ ከሆነ ግን እዚያ መኖሩን በምን እናውቃለን? ይህ የመካኒክም የሐኪምም ጥያቄ ነው። በእኛ አካባቢ ከወባ ጋር ስለሚገናኝ ወላጆችም ቢያነቡት መልካም ነው።

ከጋራዥ እንጀምር። የመኪና ካምቢዮ ውስጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የብረት ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል። በብዙ መኪኖች የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጫፉ ላይ ማግኔት ያለው ለዚህ ነው። መካኒኩ ዘይት ሲቀይር ቡሎኑን አውጥቶ ያየዋል። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ነገር ብቻ ከተለጠፈበት የተለመደ መበላት ነው፤ ስባሪ ካገኘበት ግን ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ። ካምቢዮውን ሳይፈታ ውስጡን አወቀ ማለት ነው።

እናንተም ሞክሩት። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ጎትቱት፤ በብዙ ቦታ ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ይለጠፍበታል። (ላስቲኩን አትርሱ፤ ያለ እሱ ማግኔቱን ማጽዳት የሰዓታት ሥራ ነው።) ጥቁሩን አሸዋ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ውሃ፣ ሌላውን የምግብ ዘይት ባለበት የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩና በጥብጡት። ከዚያ ማግኔቱን ከውጭ አስጠጉ። በውሃው ውስጥ ያለው ቶሎ ይሰበሰባል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ይዘገያል፣ ፈሳሹ ይይዘዋልና።

ቅንጣቱ ሲያንስ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የአንድ ቅንጣት ስፋት በ10 እጥፍ ቢያንስ ይዘቱ በ1,000 እጥፍ ያንሳል፤ ማግኔቱ የሚስብበት ኃይልም እንዲሁ። ፈሳሹ ቅንጣቱን የሚይዝበት ኃይል ግን የሚቀንሰው በ10 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ 100 ጊዜ ያህል ቀርፋፋ ይሆናል። በዚያ ላይ የውሃው ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ከየአቅጣጫው ይገፉታል። እንዲህ ያለውን ቅንጣት ስቦ መሰብሰብ አድካሚ ስለሆነ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደም እንምጣ። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ፤ አብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ሂሞግሎቢን ውስጥ ነው። ታዲያ ማግኔት ለምን ደማችንን አይስበውም? ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን የያዘ ሂሞግሎቢን በማግኔት አይሳብም፤ እንዲያውም በጣም በትንሹ ይገፋል። ለደም ዝውውር ይጠቅማል እየተባለ የሚሸጠውን የማግኔት አምባር የማላምነው ለዚህ ነው።

የወባ ተውሳክ ግን ይህን ይለውጠዋል። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሂሞግሎቢኑን ይበላል። ከምግቡ የሚተርፈው ብረት ያለበት ሄም ለራሱ ለተውሳኩ መርዝ ስለሆነ፣ ሂሞዞይን ወደሚባል ጥቁር ቡናማ ክሪስታል ለውጦ ያስቀምጠዋል። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ፣ ኮንስታንቲን ከተማ፣ ተውሳኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይህን ጥቁር ነገር በማይክሮስኮፕ ሲከታተል ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው። ቅርጹ ዘንግ የመሰለ ሲሆን፣ በደካማው ቢሆንም ለማግኔት ይታዘዛል።

ወባን በጣት ደም የሚለየው ፈጣን መመርመሪያ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ተውሳክ ከመመርመሪያው ያመልጣል። በኤርትራ በተደረገ ጥናት፣ ጊንዳዕ ሆስፒታል ከታዩት 26 የፋልሲፓረም ታማሚዎች በ21ዱ፣ ምፅዋ ከታዩት 24 ደግሞ በ10ሩ ጂኑ አልተገኘም። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያውን ቀየረች። እንዲህ ያለው ተውሳክ በኢትዮጵያና በጅቡቲም ተገኝቷል። ፕሮቲኑን መተው የቻለ ተውሳክ ግን ሂሞግሎቢን መብላቱን አልተወም፤ ስለዚህ ክሪስታሉ አለ።

ቡዳፔስት ያሉ ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ዘዴ ክሪስታሉን መሳብ ሳይሆን ማዞር ነው። በመጀመሪያ የደም ሴሎቹ እንዲፈነዱ ተደርጎ ክሪስታሎቹ ፈሳሹ ውስጥ ይለቀቃሉ። ከዚያ ፈሳሹ በሚሽከረከር ጠንካራ ማግኔት መካከል ይቀመጥና ብርሃን ይተላለፍበታል። ብርሃኑ እንደ አንዳንድ የፀሐይ መነጽር በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ ተደርጎ የተጣራ ነው። ዘንጎቹ ማግኔቱን ተከትለው ሲዞሩ አንዴ ብርሃኑን አብዝተው ያሳልፋሉ፣ አንዴ ይቀንሱታል። ማግኔቱ አንድ ዙር ሲዞር ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ደምቆ ሁለት ጊዜ ይደበዝዛል። በደሙ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ በዚህ ምት አይጨፍርም። ስለዚህ ክሪስታሎቹ እጅግ ጥቂት ቢሆኑም መሣሪያው ምቱን ለይቶ ያወጣዋል። ጥቁሩን አሸዋ በሳህን ውሃ ላይ በትናችሁ ከሥር ማግኔት ብታዞሩና የስልክ መብራት ከጎን ብታበሩበት፣ ጥላው ሲረዝምና ሲያጥር የነገሩን መልክ ታያላችሁ።

መሣሪያው በፓፑዋ ኒው ጊኒ በታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ወባ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 82 ያህሉን ለይቷል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ለእኔ ግን ገና አይበቃም። 18ቱ ያመለጡ ሰዎች ናቸውና። አንዱ ምክንያት ገና ሴል ውስጥ የገባ ለጋ ተውሳክ ብዙ ሂሞግሎቢን ስላልበላ ክሪስታሉ ጥቂት መሆኑ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ታክሞ የዳነ ሰው ደም ውስጥ ክሪስታሉ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ መሣሪያው የትናንቱን ወባ ከዛሬው አይለይም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቆላ አገር ሄዶ የተመለሰ ልጅ ቢያተኩሰውና ፈጣኑ ምርመራ ወባ የለም ቢል፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ሳይውል ሳያድር መልሳችሁ ውሰዱትና ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። የት እንደነበረና መቼ እንደተመለሰም ለሐኪሙ ንገሩት።