ማከፋፈያ ድረስ መሄድ ለማይችል ጎረቤት ራሽን ማድረስ

በዚህ ዕትም የምንማማረው ሁላችንም እያየነው ስለምናልፈው ጉዳይ ነው። በካኩማ ራሽን የሚሰጠው በማከፋፈያ ማዕከል ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ ተሸክሞ መመለስ የማይችል ሰው ካርድ እያለው ሊራብ ይችላል። ቤት ለቤት ስንዞር እንዲህ ያለ ሰው እናገኛለን። ብዙ ጊዜ ግን የምንደርሰው ከተዳከመ በኋላ ነው። ቀድሞ ሊደርስለት የሚችለው ጎረቤት ነው።

1. ማንን እንፈልግ?

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ የአካል ጉዳተኞችን፣ ረዳት የሌላቸው አራሶችን፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰዱ አቅም ያነሳቸውን፣ ያለ ወላጅ የሚኖሩ ልጆችን አስቡ። እነዚህ ሰዎች ችግራቸውን አይናገሩም፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ምግብ አለዎት ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ተመስገን» ነው። ስለዚህ «ትናንት ማታ ምን በሉ? ዛሬስ ጠዋት?» ብላችሁ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁንም ምድጃውንና ጀሪካኑን ተመልከቱ። አመዱ የቀዘቀዘ፣ ጀሪካኑ የደረቀ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

2. ራሽኑን ማን ያውጣ?

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በካምፑ የራሽን ተቀባይ ማንነት በጣት አሻራ እንዲረጋገጥ ተደርጓል። በመሆኑም የሰው ካርድ ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም። ባለ ካርዱ የሚያምነውን ሰው ራሱ መርጦ፣ ተወካዩ ከማከፋፈያው ቀን በፊት እንዲመዘገብለት ማድረግ ያስፈልጋል። የብሎክ መሪያችሁን ወይም የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ተወካይ የሚመርጠው ባለ ካርዱ እንጂ እኛ አይደለንም።

3. አንድ ኪሎ ዱቄት ስንት ቀን ነው?

ለተሸከመ ሰው ከራሽኑ ላይ ቀንሶ መክፈል የተለመደ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው ለ30 ቀን 6 ኪሎ ዱቄት አገኘ እንበል። ይህ በቀን 200 ግራም ማለት ነው። ከዚያ ላይ 1 ኪሎ ለተሸካሚ ከሰጠ የ5 ቀን ምግቡን ሰጠ። አንድ ሰው በቀን በአማካይ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታሰባል። ራሽን በግማሽ ሲቀነስ የሚደርሰው 1,050 ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የሚነሳ እያንዳንዱ ጣሳ የሚነሳው ከሰውየው አካል ነው።

መፍትሔው ተራ ማውጣት ነው። አራት ወይም አምስት ቤቶች ተባብራችሁ አንድ የእጅ ጋሪ ያዙ፤ በየወሩ አንድ ቤት ይግፋ። ስታስረክቡም ባለቤቱ ፊት ስፈሩ፤ መተማመን የሚቆየው እንዲህ ነው።

4. ስናደርስ ምን እንጠንቀቅ?

ሀ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት የነበረበት ጆንያ ለእህል አትጠቀሙ።
ለ. ዱቄቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዘይቱንና ጨውን ከድናችሁ ከፀሐይ ራቅ አድርጉ።
ሐ. ዱቄት ብቻውን ምግብ አይደለም። ሰውየው ውኃና ማገዶ ከሌለው ሳይበስል ይቀመጣል። ጀሪካኑን ሞልታችሁ ሂዱ።
መ. አብስላችሁ የምትወስዱ ከሆነ ትኩሱን አድርሱ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ መቀመጥ የለበትም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

5. ለሕፃናት የሚሰጥ የታሸገ ምግብ

ክሊኒኩ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠው የለውዝ ቅባት እሽግ መድኃኒት ነው። አንዱ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ለታላላቆቹ ቢካፈል የታመመው ልጅ አይድንም። ስለዚህ ለቤቱ የሚበላ ነገር ስታደርሱ ለሕፃኑም መድኃኒቱን አተረፋችሁለት ማለት ነው።

6. ቶሎ ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ለ3 ሴኮንድ ሲጫኑ ጉድጓድ ከቀረ፣ ወይም መጥባትና መብላት እምቢ ካለ ነገ አትበሉ። አዋቂም ቢሆን መነሣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስታውክ ወይም የሚቃዥ ከሆነ ጤና ሠራተኛ ጥሩ። ለብዙ ቀን ሳይበላ ለቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ መስጠት አደጋ አለው። በጥቂት በጥቂቱ እየሰጣችሁ ወደ ክሊኒክ አድርሱት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በብሎካችሁ ማከፋፈያ ድረስ መሄድ የማይችሉ እነማን ናቸው? ተወካይ አላቸው?
2. 9 ኪሎ ለ30 ቀን የተሰጠው ሰው 1 ኪሎ ተኩል ለተሸካሚ ቢከፍል የስንት ቀን ምግብ አጣ?
3. የሚቀጥለው ራሽን ሲመጣ ጋሪውን የሚገፋው ማነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ ከማከፋፈያው ቀን በፊት ስም ጻፉበት።