ሕፃንን በስደት አገር በእምነት ማሳደግ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ቁስቋም የሚባለውን ሰፈር እናገኛለን። በጉለሌ የምንኖር ሁላችን ስሙን ዘወትር እንጠራዋለን፤ ትርጉሙን ግን ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ቁስቋም በግብጽ ምድር የሚገኝ ተራራ ነው። በአባቶቻችን ትውፊት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑን ኢየሱስን ይዘው ከሄሮድስ ሰይፍ በሸሹ ጊዜ ያረፉት በዚያ ነው፤ መታሰቢያውም ኅዳር 6 ቀን ይውላል። እንግዲህ በሰፈራችን ስም ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም ልጁን ገና በሕፃንነቱ ወደ ባዕድ አገር ይዞ የተሰደደ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ወንጌላዊው ማቴዎስ ሄሮድስ ሁለት ዓመት የሞላቸውንና ከዚያም በታች ያሉትን ሕፃናት እንዳስገደለ ይተርክልናል (ማቴ. 2፡13-18)። ጌታችን ወደ ግብጽ ሲወሰድ ገና በእናቱ እቅፍ የነበረ ወይም ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን ነበር ማለት ነው። በዙሪያው የሚሰማው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም፤ ቤተ መቅደሱም ሩቅ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 «ኤክሱል ፋሚሊያ» በተባለው ሐዋርያዊ ሰነዳቸው ይህን ቅዱስ ቤተሰብ ለስደተኞች ቤተሰቦች ሁሉ አርአያ አድርገው ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቁምስናችን ቤተሰቦች መካከል ልጅ፥ እኅት ወይም እናት ወደ ቤይሩት፥ ወደ ኩዌት፥ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጅዳ ያልሄደችበት ቤት ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚያው ልጅ ወልደው ያሳድጋሉ። የእነዚህ ሕፃናት እምነት የማን ኃላፊነት ነው? የእናቲቱ ብቻ ነውን?

በአንድ እሑድ የሆነው

ከራሳችን ስሕተት እንጀምር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊባኖስን ካናወጠ በኋላ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጅዋን ይዛ ከቤይሩት ወደ እናትዋ ቤት ተመለሰች። አያቱም ልጁን በእሑድ ትምህርት አስመዘገቡት። ሕፃናቱ ሁሉ «አባታችን ሆይ» በሚሉበት ሰዓት እርሱ ዓይኑን ጨፍኖ «አባና» ብሎ በዐረብኛ ጀመረ። ልጆቹ ሳቁ። እኛም ልጆቹን በመገሠጽ ፈንታ «አይዞህ፥ በአማርኛ በል» አልነው። በቅን ልቡና የተናገርነው ቢሆንም፥ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት በጸሎት ሰዓት አፉን አልከፈተም።

አያቱ መጥተው እንዲህ አሉን፤ «ልጄ ከሥራ ደክማ ስትገባ፥ ሌላ ነገር ባትችል እንኳ ይህችን ጸሎት ሳታስደግመው አላስተኛችውም። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የሰሙት በዐረብኛ ነውና በዐረብኛ አስተማረችው። እናንተ ግን የልጄን ድካም ዝም አሰኛችሁባት።» የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ያ ልጅ ይዞት የመጣው ሀብት በፊታችን ሳለ እኛ ያየነው ጉድለቱን ብቻ ነበር። ደግሞም «አባና» የሚለው ቃል ከግእዙ «አቡነ» ምን ያህል ይርቃል? ጌታችን ራሱ አባቱን የጠራበት «አባ» የሚለው ቃልስ?

በእንግድነት ካደጉ ሁለት ልጆች የምንማረው

የመጀመሪያው ጢሞቴዎስ ነው። ያደገው በታናሽ እስያ በልስጥራ ከተማ፥ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ነው። እናቱ አይሁዳዊት፥ አባቱ ግን የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፡1)። ከኢየሩሳሌም ርቆ፥ በዙሪያው ጣዖት በሚመለክበት ከተማ ቢያድግም ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር (2ጢሞ. 3፡15)። ከማን ተማረ? ቅዱስ ጳውሎስ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል (2ጢሞ. 1፡5)። በዚያ ቤት አንዲት አያትና አንዲት እናት ነበሩ፤ ሐዋርያው የእምነቱን ምንጭ ሲያነሣ የጠራው የእነርሱን ስም ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ የተወለደው በጢሮስ ነው፤ ጢሮስ ዛሬ በሊባኖስ የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ገና ልጆች ሳሉ ከዘመዳቸው ጋር ሲጓዙ መርከባቸው በቀይ ባሕር ጠረፍ አደጋ ደረሰባት፤ የተረፉት ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ። ወደ ንጉሡ ቤት ተወስደውም በዚያ አደጉ፤ አንዱ የመጠጥ አሳላፊ፥ ሌላው የሒሳብና የጽሕፈት ሹም ሆኑ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚያ ዘመን ወደ አገሩ የሚመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ያደርግ ነበር። በኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀበለ።

ልብ እንበል። ዛሬ ልጆቻችን በሰው ቤት ለማገልገል ወደ ሊባኖስ ይሄዳሉ፤ በዚያን ዘመን የሊባኖስ ልጆች በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት አገልጋዮች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ ጳጳስዋን ያገኘችው ከወላጆቹ ቤት የተቀበለውን እምነት በባዕድ አገር ካልጣለ ልጅ ነው። ስለዚህ «በስደት ያደገ ልጅ ለቤተ ክርስቲያን የጠፋ ነው» የሚለው አነጋገር ከራሳችን ታሪክ ጋር አይስማማም።

ቤት ቤተ ክርስቲያን የሚሆነው እንዴት ነው?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ይጠራዋል፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባክያን እንደ ሆኑ ያስተምራል። ኦሪትም የእግዚአብሔር ቃል በቤት ሲቀመጡ፥ በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆች እንዲነገር ታዝዛለች (ዘዳ. 6፡6-7)። እነዚህ አራቱ ጊዜያት በቤይሩትም በጉለሌም አሉ። በውጭ አገር ላሉ እናቶችና አባቶች የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ. ጸሎትን በእጅ ማስጀመር። የሁለት ዓመት ሕፃን ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ማብራሪያ አይገባውም፤ የእናቱን እጅ ግን ያውቃል። ቀኝ እጁን ይዛ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቃል ካማተበችለት፥ ብዙ ሳይቆይ በረሳች ጊዜ የሚያስታውሳት እርሱ ይሆናል። ሕፃን ድግግሞሽን አይሰለችም። ለጸሎቱም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ አለማቋረጡ ነው።

ለ. የእናትን ቋንቋ ማቆየት። ሕፃኑ በመንገድና በጎረቤት የሚሰማውን ቋንቋ ይማራል፤ ይማር፥ መልካም ነው። እናቱ ግን አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፥ ጋሞኛ ይሁን ጉራጊኛ፥ እርስዋ ያለቀሰችበትንና የጸለየችበትን ቋንቋ አትንፈገው። አያቱ ሲመርቁት ሊገባው ይገባልና።

ሐ. በዓልን በቤት ማክበር። በሊባኖስ ካቶሊካውያን የጌታን ልደት የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ሲሆን፥ እኛ የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ልጁ «ኢየሱስ ሁለት ጊዜ ተወለደ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አንደናገጥ። ልደቱ አንድ እንደ ሆነ፥ የሰዎች የቀን አቆጣጠር ግን እንደሚለያይ በቀላል ቃል እንንገረው። በመጀመሪያው ቀን ከአገሩ ምእመናን ጋር ወደ ቅዳሴ ይሂድ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ በቤቱ ሻማ ይብራለት፥ ዳቦ ይቆረስለት፥ ቡናም ይፈላ።

መ. የስልኩን ጥሪ መቀደስ። ከአገር ቤት ጋር ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስቀድመው የገንዘብን ጉዳይ ነው። በእሑድ ቀን ግን ቅደም ተከተሉን እንለውጥ። አስቀድሞ ሕፃኑ ስልኩን ይያዝ፤ አያቱም «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ብለው ይመርቁት፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይነገር።

ችግሩን ሳንሸፋፍን

ይህን ስንጽፍ ነገሩ ቀላል እንደ ሆነ አድርገን አይደለም። «ከፋላ» በተባለው አሠራር የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። በሰው ቤት አድራ የምትሠራ እናት ልጅዋን ከእርስዋ ጋር ማኖር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድላትም፤ እሑድን የማታርፍም አለች። የሌላውን ሕፃን አዝላ ስታስተኛ የራስዋ ልጅ በጉለሌ በአያቱ ጀርባ የሚያድግ ብዙዎች ናቸው። በሳውዲ ዓረቢያ ደግሞ በይፋ የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፥ ጸሎት የሚደረገው በቤት ውስጥ ነው። ከዐቅሟ በላይ በሆነ ምክንያት ከቅዳሴ የቀረች እናት ኃጢአት እንደ ሠራች አድርጋ ራስዋን አታስጨንቅ፤ ባለችበት ትጸልይ።

ቤተ ክርስቲያንም ፈጽማ አልራቀችም። ካሪታስ ሊባኖስ ለመጤ ሠራተኞች የሚሆን ማእከል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው ጦርነትም በቤይሩት የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መጠለያ ላጡ መጤ ሠራተኞችና ልጆቻቸው በሩን ከፍቶ አስጠግቷቸዋል። በኩዌት፥ በዱባይና በባሕሬንም ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በባሕሬን የዓረቢያ እመቤታችን ካቴድራል የተቀደሰችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

የእኛ ድርሻ

ነቢዩ ሳሙኤል ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ተለይቶ በሴሎ አደገ። ሐና ግን በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ሳሙ. 2፡19)። በየዓመቱ ስትሠራው ምን ያህል እንዳደገ በልቧ ትለካ ነበር ማለት ነው። ከዐረብ አገር የሚላከው ልብስና ጫማም የእናት መለኪያ ነውና፥ በአያቱ ቤት ያለው ልጅ «ይህን እናትህ ስለ አንተ እየጸለየች የላከችልህ ነው» ሊባል ይገባዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ የሚከተለውን እናስተውል። በሊባኖስ በማሮናውያን ወይም በላቲን ሥርዓት የተጠመቀ ልጅ በእውነት ተጠምቋልና ዳግመኛ አይጠመቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፥ በቀኖና 29 መሠረት፥ ዐሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲጠመቅ የካቶሊካዊ አባቱ ቤተ ክርስቲያን አባል ይሆናል፤ ካቶሊካዊት እናቱ ብቻ ከሆነች ወይም ሁለቱ ወላጆች ተስማምተው ከጠየቁ የእናቱ ቤተ ክርስቲያን አባል ይሆናል። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅም የሚቆጠረው በእናቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ልጁ የተጠመቀው በየትም ሥርዓት ቢሆን፥ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካዊት የሆነች እናት ልጅ በባዕድነት አይታይ። በእናቱ ሁኔታም ምክንያት በር አይዘጋበት፤ ሐሜትም አይከተለው። እናቶች የጥምቀቱን ምስክር ወረቀት ከቁምስናው ተቀብለው እንዲይዙና የልጁን ልደት በኢትዮጵያ ቆንስላ እንዲያስመዘግቡ አስቀድመን እንምከራቸው። በአገራችን የዜግነት ሕግ ከእናትና ከአባቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶችም በመካከላቸው ነበሩ። ነገም የሚመለሱ ይኖራሉ። ያን ጊዜ በራችን ላይ የሚቆመው ሕፃን በማያውቀው ቋንቋ እንዲጸልይ ከማዘዛችን በፊት፥ የሚያውቀውን ጸሎት ከእርሱ እንስማ።

እኛም ይህን ዘግይተን አደረግነው። በአንድ እሑድ ያንን ልጅ ወደ ፊት ጠርተን «አባና የሚለውን አስተምረን» አልነው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያም በዝግታ ጀመረ፤ ልጆቹም ተከተሉት። ሲጨርስ አያቱ በበሩ አጠገብ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ «አባታችን ሆይ» ስንል ድምፁ ከሁሉም ጋር ተሰማ።

ለውይይት

1. በቁምስናችን እናታቸው ወይም አባታቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ሕፃናትን በስም እናውቃቸዋለን? ማን ይጠይቃቸዋል?

2. ከውጭ አገር የተመለሰ ልጅ ይዞት ከመጣው ጸሎትና ልማድ ምን ልንማር እንችላለን?

3. በዚህ ሳምንት በስልክ ለምናነጋግራት እናት ስለ ሕፃንዋ የእምነት አስተዳደግ ምን የሚያበረታ ቃል እንነግራታለን?

በቁስቋም ያረፈው ቅዱስ ቤተሰብ በየባዕድ አገሩ ያሉትን እናቶችና ሕፃናት ይጠብቅልን፤ እኛንም እንግዳ የሆነውን ልጅ እንደ ራሳችን ልጅ የምንቀበል ያድርገን። አሜን።