በወርቅ ስለሚገዛ ወዳጅ

ልጄ፣ መጽሐፈ ነገሥትንና ዜና መዋዕልን ስታነብ ጦርነቱ ላይ ትፈጥናለህ፣ የብርና የወርቁን ቁጥር ግን ትዘለዋለህ። ተመለስና እዚያ ላይ ቁጭ በል።

1. የምትሰጠው የማን እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። የእስራኤሉ ንጉሥ ባኦስ ራማን መሽጎ መንገድ ሲዘጋበት፣ የይሁዳው አሳ ከመቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት የቀረውን ብርና ወርቅ ጠርጎ በደማስቆ ለነበረው ለሶርያ ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ። ቀደም ሲል ከአባቱ ዕቃ ጋር የራሱንም ስጦታ ወደ መቅደሱ ያገባው ይኸው አሳ ነበር።

2. ስለተሳካልህ ብቻ ልክ ነኝ አትበል። ወልደ አዴር ከባኦስ ጋር የነበረውን ቃል ኪዳን አፍርሶ ዳንንና ሌሎች ከተሞችን መታ። ባኦስ ራማን ትቶ ሄደ፤ አሳም በራማ ድንጋይና እንጨት ጌባንና ምጽጳን ሠራ። ብልሃቱ ሰርቷል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ነው። በገንዘብ ቃሉን ያጠፈልህ ሰው የቃሉን ዋጋ ከአንተው ተምሯል። ባለ ራእዩ አናኒ በዚህ ሲገሥጸውም አሳ ተቆጥቶ አሳሰረው። ብዙ የከፈለ ሰው ተሳስተሃል ሲሉት መስማት እንደሚያንገሸግሸው በዕድሜዬ አይቻለሁ፤ እኔም ራሴ ቀምሼዋለሁ።

3. ከአንተ እጅግ የሚበረታውን ለእርዳታ አትጥራ። የይሁዳው ንጉሥ አካዝ ሶርያና እስራኤል ሲያስጨንቁት ለአሦሩ ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር ወርቅ ልኮ ራሱን ባሪያው አደረገ። ደማስቆ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 ወደቀች፤ የአካዝ ጠላት የሶርያው ንጉሥ ረአሶንም ተገደለ። ጎረቤትህን የበላልህ ግን ራሱ ጎረቤትህ ይሆናል። በልጁ በሕዝቅያስ ዘመን፣ በ701፣ የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም መጣ። ሕዝቅያስ የመቅደሱን ደጃፍ ወርቅ ሳይቀር ልጦ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ከፈለ። ሰናክሬም ተቀበለ፤ ሠራዊቱንም ወደ ኢየሩሳሌም ላከ።

4. ሂሳቡ ማን ላይ እንደሚያርፍ እወቅ። የእስራኤሉ ንጉሥ ምናሔም ለአሦር የሰጠውን 1,000 መክሊት ብር ያወጣው ከየባለጸጋው 50 ሰቅል ሰብስቦ ነው። ዙፋኑ የእርሱ ነበር፣ ክፍያው የእነርሱ።

5. የከፈልኸውን እያሰብህ በጥፋት አትግፋ። እኔ አስቀድሜ ከፍያለሁ እያልሁ ስንት ክፉ ውል ተሸክሜ ኖሬአለሁ። የይሁዳው ንጉሥ አሜስያስ ኤዶምን ሊወጋ በ100 መክሊት ብር 100,000 የእስራኤል ወታደር ቀጥሮ ነበር። የእግዚአብሔር ሰው ሲከለክለው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መክሊቱ ነው። ቢሆንም አሰናበታቸው። እነርሱ በንዴት የይሁዳን ከተሞች ዘርፈው 3,000 ሰው ገደሉ፤ ዋጋ አላስከፈለውም አልልህም። ኤዶምን ግን ያለ እነርሱ አሸነፈ።