ጀማሪ ሆኖ ስፖርትን ልማድ ስለ ማድረግ

በጠዋት ተነሥቶ ለመሮጥ ያላሰበ ወጣት በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። አስቦ የጀመረውም ብዙ ነው። ጀምሮ ሦስተኛ ወሩን ያየው ግን ስንቱ ነው? እኛ ወደ መልሱ የደረስነው በራሳችን ሽንፈት በኩል ስለሆነ ያየነውን ለማካፈል ብዕራችንን አንሥተናል።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በዓል በኋላ በዩኒቨርሲቲው አንድ መኝታ ክፍል የምንኖር አራት ጓደኛሞች በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ልንሮጥ ቃል ተገባባን። ነገሩ የቁመና ብቻ አልነበረም፤ ከመካከላችን አንዱ ሲመረመር የደም ግፊቱ ለ22 ዓመት ልጅ የማይገባ ሆኖ በመገኘቱ ሐኪሙ ጨው እንዲቀንስና ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ መክሮት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማን ከማን ያንሳል በሚል እልህ 40 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሮጥን። በማግስቱ የመኝታ ቤቱን ደረጃ የወረድነው መደገፊያውን ይዘን ወደ ኋላ እየተራመድን ነው! በሁለተኛው ሳምንት ሁለታችን ቀረን፤ በሦስተኛው የማንቂያውን ደወል የሚሰማ ጠፋ። ከሁሉ ያሳዘነን ያ ወንድማችን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ መደምደሙ ነበር።

ይህን ስንፍና ነው ማለት ይቀላል። ጥፋታችን ግን ጥድፊያ ነበር። ያልለመደ ጡንቻ በድንገት ሲሠራ ሕመሙ የሚበረታው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያው ሕመም ላይ ሌላ ሩጫ ጨመርንበት። ከድሬዳዋ ለመጣው ጓደኛችን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ትንፋሹም ከበደው። የአበበ ቢቂላን ስም እየሰማን በማደጋችን ሩጫ በደማችን ያለ ይመስለናል። አበበ ግን በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው በክቡር ዘበኛ በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እጅ ብዙ ከሠለጠነ በኋላ ነው።

ከጥምቀት በኋላ እንደገና ስንጀምር አዲስ ሰዓት አልፈለግንም። ማክሰኞ፣ ኀሙስና ቅዳሜ ማታ ለመዝሙር ጥናት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መሄዳችን አይቀርም፤ ስለዚህ ታክሲውን ትተን በእግራችን መሄድ ጀመርን። መሄጃው 30 ደቂቃ፣ መመለሻውም 30 ደቂቃ ነው። በሳምንት 180 ደቂቃ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተነጋገሩ ሊሄዱት የሚቻል፣ እየዘመሩ ግን የማይቻል ፍጥነት ነው። (በመንገድ ላይ መዝሙር ልናጠና አስበን የነበርነው በዚህ አፈርን።) በአራተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቅን ጨመርንበት።

ቆየት ብለን እንዳነበብነው፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ተግባር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል። ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን ይደርሳል። እነዚያም ሰዎች አዲሱን ተግባር ያያያዙት በየቀኑ ከሚያደርጉት ሌላ ነገር ጋር ነበር። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም ታይቷል። እኛ ይህን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ በመጀመሪያው መቅረት ባልተስፋ ቆረጥን! አሁን አንድ ቀን ብንቀር ሁለተኛውን አንደግምም፤ ዝናብ ከያዘን የመኝታ ቤቱን ደረጃ 10 ደቂቃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰዓቱ ጥቅም ታወቀን። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በጠዋት ቢሮጥ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚነሣ ግን ቀምሶ፣ ጠጥቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ሦስት እኅቶች ተቀላቀሉን። ብቻዋን በመንገድ የምትሮጥ እኅት ምን ዓይነት ቃል እንደሚወረወርባት ወንዶቹ ከእነርሱ እስክንሰማ ድረስ አስበነው አናውቅም ነበር፤ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» ማለታችን አሳፈረን። አብረን ስንሄድ የሚናገር ጥቂት ነው። ጥናት በሌለበት ቀን ሁለቱ በመኝታ ቤታቸው ኮሪደር ገመድ ይዘላሉ።

የደም ግፊት ያለበት ወንድማችን ክትትሉን ከሐኪሙ ጋር ቀጥሏል። ስለ ቁጥሩ እርሱና ሐኪሙ ያውቃሉ። በሰኔ የፈተና ሰሞን ሦስታችን «ጊዜ የለንም» ብለን ታክሲ ስንሳፈር ብቻውን በእግሩ የሄደው ግን እርሱ ነው።

አብሮን መሄድ የሚፈልግ በተባሉት ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠብቀን። ልዩ ጫማ አያስፈልግም፤ ከመካከላችን አንዱ እስካሁን በሸራ ጫማ ነው የሚሄደው።