ስለ ምግብ ቀለም፤ ይልቁንም ቀይ ቍጥር 3 ስለሚባለው

የባልትና ዐዋቂ ሴት አልጫው ቢጫ እንዲሆንላት እርድ ትጨምርበታለች። እርድ የተክል ሥር ስለ ሆነ ለወጡ መልክም ጣዕምም ይሰጠዋል። በፋብሪካ በሚሠራ ከረሜላ የሚገባው ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ በኬሚስትሪ ጥበብ የተገኘ ነው፤ አያጠግብም፤ አያጣፍጥም፤ ጕልበትም አይሰጥም፤ ሥራው ዓይንን መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጕዳት እንኳ ቢገኝበት ጕዳቱን የሚያካክስ ጥቅም የለውም።

የዚህ ጥበብ መነሻ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ነበር። በ1856 ዓመት (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በሎንዶን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር፣ ያሰበው ቀርቶ ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። እርሱን ተከትለው ሌሎች ሊቃውንት ልዩ ልዩ ቀለም አገኙ። ለልብስ ማቅለሚያ ተብሎ የተጀመረው ነገር ብዙ ሳይቈይ ወደ ምግብ ገባ። በአሜሪካ 80 ያህል ዓይነት ቀለም በምግብ ይጨመር ነበር። መንግሥት በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በ1907 ሰባቱን ብቻ መርጦ ፈቀደ። ከሰባቱ አንዱ ኤሪትሮሲን ነበር፤ ኋላ ቀይ ቍጥር 3 የተባለው ይህ ነው። በውስጡ አዮዲን ያለበት ሲሆን መልኩ ደማቅ ሮዝ ነው።

ዳሩ ግን የተፈቀደው ሁሉ ደኅና ሆኖ አልተገኘም። ከሰባቱ መካከል የነበረው ብርቱካንማ ቍጥር 1 በ1950 በከረሜላ በዝቶ ተጨምሮ ልጆች ታመሙበት። ከዚህ በኋላ ምርመራው ጠበቀ፤ በ1960 የወጣውም የቀለም ሕግ፣ ለሰው ወይም ለእንስሳ ነቀርሳ የሚያመጣ ሆኖ የተገኘ ቀለም ለምግብ አይፈቀድም ብሎ ደነገገ። ሕጉ ስለ መጠኑ ብዛትና ማነስ አይጠይቅም።

ቀይ ቍጥር 3ን የጣለው ይህ ድንጋጌ ነው። መርማሪዎች ለአይጦች ከመኖአቸው ከመቶ 4 እጅ የሚሆን ቀለም ቀላቅለው ለረዥም ጊዜ ሲመግቧቸው፣ በወንዶቹ አይጦች አንገት፣ እንቅርት በሚወጣበት ዕጢ ላይ ነቀርሳ ተገኘ። ምክንያቱም ቀለሙ የዚህን ዕጢ ሆርሞን ሥራ ያውካል፤ ከአንጐል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ሆርሞኑ ያነሰ መስሏት የአንገቱን ዕጢ ያለ ዕረፍት ታሠራዋለች፤ ዕረፍት ያጣውም ዕጢ እያበጠ ይሄዳል። ይህ የአይጥ ጠባይ ነው እንጂ በሰው ላይ ነቀርሳ በዚህ መንገድ ሲመጣ አልታየም። አይጦቹ የበሉትም መጠን ሰው ከሚበላው እጅግ የበለጠ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በአንድነት ያቆሙት የሊቃውንት ጉባኤ፣ ሰው በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢበላ አይጐዳውም ብሏል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ 2 ሚሊግራም ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1990 ይህን ቀለም ከፊትና ከከንፈር ቅባት ከለከለ፤ በምግብ ግን ተወው። እንግዲህ በከንፈር ላይ እንዳይቀባ የተከለከለው ነገር በከንፈር አልፎ ወደ ሆድ እንዲገባ 35 ዓመት ያህል ተፈቅዶለት ኖረ፤ ይህ ለብዙዎች የማይገባ ነገር ነበር። በ2022 የሕዝብ ጤና ማኅበራት አቤቱታ አቀረቡ፤ ካሊፎርኒያም በ2023 በራሷ ሕግ በምግብ ከለከለችው። በጥር 15 ቀን 2025 መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱን ሻረ። ሲሽርም ቀለሙ ሰውን ጐድቷል አላለም፤ በአይጥ ላይ ነቀርሳ ስለ ተገኘ ሕጉ ያስገድዳል አለ እንጂ። ለምግብ ሠሪዎች እስከ ጥር 15 ቀን 2027፣ ለሚዋጥ መድኃኒት ሠሪዎች እስከ ጥር 18 ቀን 2028 ጊዜ ተሰጣቸው።

የአውሮፓ ኅብረት አስቀድሞ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር፤ ቀለሙን በስኳር ለተዘጋጀ ቼሪ ለሚባል ፍሬ ብቻ፣ ያውም በተወሰነ መጠን፣ ፈቅዶ ከሌላው ምግብ አስቀርቶታል። በዚያ አገር ዕቃ ላይ ስሙ ኢ 127 ተብሎ ይጻፋል፤ በአሜሪካ ዕቃ ላይ ቀይ 3 ይባላል፤ ኤሪትሮሲን ተብሎም ቢጻፍ ያው አንዱ ነው።