ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ኤሌክትሪክን እንዴት ያሳየናል?

በወልድያም ሆነ በመርሳ በየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ይህ ውዝዋዜ በዓይን አይታይም። ሥሎ የሚያሳየን መሣሪያ ኦሲሎስኮፕ ይባላል። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. የሠራው የቀድሞው ዐይነት፥ በኤሌክትሮን ጨረር በመስተዋት ላይ መሥመር ይሥል ነበር። ዲጂታሉ ግን አስቀድሞ ይለካል፤ ከለካ በኋላ ይሥላል። ሥራውም በሦስት ይከፈላል።

1ኛ፥ ናሙና መውሰድ ነው። መሣሪያው ቮልቱን በእኩል የጊዜ ርቀት ይለካል። በሰከንድ 1000 ጊዜ ቢለካ፥ ከመብራታችን አንድ ሞገድ 20 ነጥብ ያገኛል።

2ኛ፥ ልኩን ወደ ቍጥር መለወጥ ነው። ባለ 8 ቢት መሣሪያ 256 ደረጃዎች አሉት። ከላይ እስከ ታች 40 ቮልት የሚይዝ ቢሆን፥ እያንዳንዱ ደረጃ 0.16 ቮልት ያህል ነው። ከዚያ ያነሰውን ልዩነት ለይቶ ማሳየት አይችልም።

3ኛ፥ ማሳየት ነው። ቍጥሮቹ በማስታወሻው ውስጥ ተከማችተው ነጥቦቹ በመሥመር ይያያዛሉ። ትሪገር የሚባለው ክፍል ሥዕሉን ሁልጊዜ ከሞገዱ አንድ ቦታ ስለሚያስጀምረው፥ ሥዕሉ ሳይንሸራተት ይቆማል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፥ በስንት ጊዜ አንዴ እንለካ? የሚለው ነው። በሀብሩ ቆላ ክረምት ሲገባ፥ ከሰዓት በኋላ በተራራው የዘነበው ዝናብ ማታ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲነጋ ወንዙ ይጎድላል። አንድ ሰው ወንዙን በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ እየለካ ቢጽፍ፥ መዝገቡ «ወንዙ አልሞላም» ይላል። ማሽላው በሌሊት የተወሰደበት ገበሬ ግን እውነቱን ያውቃል። ሰውየው አልዋሸም፤ አለካኩ ግን አሳስቶታል።

ኦሲሎስኮፕም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዘውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 49 ጊዜ ብቻ ቢለካው፥ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ አድርጎ ያሳየናል። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። ስለዚህ የናሙናው ብዛት ከፈጣኑ ውዝዋዜ ከእጥፍ መብለጥ አለበት። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስረድቶታል። በሥራ ላይ ግን ነጥቦቹ መልካም ሥዕል እንዲሰጡ ከአምስት እስከ ዐሥር እጥፍ መውሰድ ይሻላል።

ሐሰተኛውን ሞገድ ለመለየት የናሙናውን ፍጥነት መለወጥ ነው። እውነተኛው ሞገድ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቍጥር አይለወጥም፤ ሐሰተኛው ግን ይለወጣል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 220 ቮልት የተባለው ኤሌክትሪክ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳልና፥ ማንም ተማሪ የመሣሪያውን ሽቦ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አያገናኝ። ቮልቱን ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር፥ መምህር ባለበት ብቻ ይሞከር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ከመሣሪያ የወጣ ሥዕል ሁሉ እውነት አይምሰለን። «ስንት ጊዜ ተለካ?» ብሎ መጠየቅ የትምህርት መጀመሪያ ነው።