ጎተራው መኖሪያ ቤት ሲሆን

በእንግሊዝ አገር በጥንት ዘመን እህል ይወቃና ይከማች የነበረው ከኦክ ዛፍ በተሠራ ሰፊ ጎተራ ውስጥ ነበር። ምሰሶውና አግዳሚው ጫፋቸው ተፈልፍሎ ይሰካካል፤ ከእንጨት በተጠረበ ምስማርም ይያያዛል። በኤሴክስ፣ ክሬሲንግ ቴምፕል በተባለው ስፍራ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ሁለት ጎተራዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል።

በ20ኛው መቶ ዘመን ግን የእርሻ መኪናዎች እየበዙና እየገዘፉ ስለ ሄዱ ብዙ ጎተራዎች ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ ቤት ጠባቂ የለውም፤ ጣራው ያፈሳል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ወደ መኖሪያ ቤትነት ተለወጡ።

ለውጡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብልህ አናጢ የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ኦክ ይቀጥልበታል እንጂ ምሰሶውን በሙሉ አይጥልም። ብርድ እንዳይገባ ከምሰሶዎቹ በስተ ውጭ የበግ ሱፍ ይደረባል። ግድግዳው በኖራ ይለሰናል፤ ኖራ እርጥበትን ሲያስወጣ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋልና። ጋሪ ይገባበት የነበረው ትልቅ በር መስተዋት ተደርጎለት ብርሃን ያስገባል። ሰፊው አዳራሽ በጠባብ ክፍሎች ከተሸነሸነ ግን ቤቱ ይገኛል፤ ጎተራው ይጠፋል። ቅርስ ከጥፋት የሚድነው ጠባዩን ሳይለቅ ሲያገለግል ነው።

ጥያቄዎች
1. ጎተራዎቹ ሥራ የፈቱት ስለ ምንድን ነው?
2. ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ የሚመረጠው ለምንድን ነው?
3. «ቤቱ ይገኛል፤ ጎተራው ይጠፋል» ሲል ምን ማለት ነው?